ሁሉም ተከሰሰ፣ ከራሙ በቀር

በእኛ ጊዜ ዕቃ ሲበላሽ ይበላሽ ነበር። ጠዋት ሠርታ ከምሳ በኋላ የምትለግም፣ ጠጋኝ ፊት ስትቀርብ ደግሞ ጨዋ የምትሆን የታይፕ መኪና በሂሳብ ክፍል ባሳለፍኩት ዘመን ሁሉ አልገጠመችኝም። የመደመሪያ ማሽኑ እጀታ ከወለቀ ወለቀ ነው። ጠጋኙ ይመጣል፣ ያየዋል፣ «እጀታው ወልቋል» ይላል፣ ይከፈለዋል፣ ይሄዳል። ኮምፒውተር የሚባለው ግን ሲበላሽ አይናገርም፤ ሲናገርም ቃሉ አይጨበጥም።

የእድራችንን መዝገብ የምይዘው በእሱ ነው። ሰፈርተኛው «ጋሼ ኮምፒውተር አላቸው» ብሎ ጸሐፊነቱን ጫነብኝ እንጂ ሹመቱንስ ፈልጌው አልነበረም። የወሩን መዋጮ ደምሬ ደምሬ ልጨርስ ስል ስክሪኑ ድርግም ይልና ሰማያዊ ይሆናል። ሁለት ነጥብና አንድ ቅንፍ ጎን ለጎን ይወጣሉ፤ ልጆቹ እንደሚሉት የከፋው ፊት ነው። ከ2012 ጀምሮ የመጣ ፈሊጥ ነው አሉ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ማሽኑም የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው።) ሥራው የጠፋብኝ እኔ፣ የከፋው እሱ! ኋላ ደግሞ ማይክሮሶፍት ሰማያዊውን ትቶ ጥቁር አድርጎታል፤ ከ2025 ወዲህ በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ ከል ለብሶ ነው የሚመጣው። የእኔው አሮጌ ስለሆነ ገና ሐዘን አልደረሰውም።

ከፊቱ በታች ምክንያት ይጽፋል። ዛሬ «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ይላል፣ ነገ «ፔጅ ፎልት» ይላል፣ ከነገ ወዲያ «አይአርኪውኤል» ምንትስ የሚባል ምላስ የሚያስር ነገር ይዞ ይመጣል። ምስክር በየቀጠሮው ቃሉን ሲለዋውጥ የሚሰማው ዳኛ የት አለ? ኋላ እንደተረዳሁት ዋናው ፍንጭ ይኸው መለዋወጡ ነበር። የአንድ ፕሮግራም ወይም የአንድ ድራይቨር ጥፋት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ስም ደጋግሞ ይጠራል። በየቀኑ አዲስ ስም የሚጠራ ከሆነ ግን ሁሉም በጋራ የሚረግጡት መሬት መጠርጠር አለበት፤ መሬቱም ራም የሚሉት፣ ሁሉም ሲሠሩ የሚቀመጡበት ማስታወሻ ነው። ይህንን ያወቀ ጠጋኝ በዚህ ከተማ ቢኖርም እኔን ደጁ ያደረሰኝ የለም።

ከዚያ በፊት ያልተከሰሰ አልነበረም። ጎረቤቴ «መብራት ነው፣ ከፍ ዝቅ እያለ ነው» አለኝ፤ ስታቢላይዘር ገዛሁ። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ቫይረስ ነው» አለ፤ በማግስቱ የራሱን ፍላሽ ይዞ መጥቶ የሌለኝን ቫይረስ አመጣልኝ። ቨርጂኒያ ያለችው ልጄ በስልክ «አባዬ፣ ጣለውና አዲስ ግዛ» ትለኛለች። እሺ፣ መጣሉን እኔ እችላለሁ፤ መግዛቱን አንቺ ቻዪው ስላት ኔትዎርኩ ይቆራረጣል። ባለቤቴ በበኩሏ «ከላይ የመጣ ነገር ነው፣ ጠበል ርጭበት» አለች። ኤሌክትሪክና ውሃ አይስማሙም ብዬ መለስኳት፤ ለዚህም እምነተ ቢስ ተባልኩ።

ጥገና ቤቱ ውስጥ ያለው ልጅ ኮምፒውተሩን ሳይከፍት፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ፣ «ፋዘር፣ ፎርማት ያስፈልገዋል» አለኝ። አሁን ያሉት ጠጋኞች ለሁሉም በሽታ አንድ ኪኒን ነው ያላቸው። ማሽኑ አልነሳ ቢል ፎርማት፣ ቢዘገይ ፎርማት፣ ድምፁ ቢጠፋ ፎርማት፤ ወንበሬ ተሰብሯል ብላቸውም ዲ ላይ ያለውን ዕቃ ባካፕ አድርገህ አምጣ የሚሉኝ ይመስለኛል። ፎርማት ተደረገ። ዊንዶውሱ እንደገና ሲጫን መሃል ላይ «ፋይሉ ተበላሽቷል» እያለ እምቢ አለ፤ ልጁም ሲዲውን ሰደበ፣ ቀጥሎ ፍላሹን ሰደበ፣ በመጨረሻ ሃርድ ዲስኩን ሰደበ። በመከራ ተጫነ። እዚያው ሙዚቃ ከፍቶ አሳየኝ፤ «ይኸው ይሠራል!» ቤት ወስጄ የእድሩን መዝገብ ስከፍት ያው ሰማያዊ። ብመልሰው ደግሞ እዚያው ሙዚቃ ይከፍትልኛል፣ ሙዚቃውም ይዘፍናል፤ «እኛ ጋ ይሠራል ፋዘር፣ እርስዎ ምን እየነኩት ነው?»

ምን እየነካሁት ነው! ሽማግሌ ሲሆኑ ጥፋቱ ጣት ላይ ነው።

እዚያ የሚሠራው እኔ ዘንድ የማይሠራው ለምን እንደሆነ ያስረዳችኝ የልጅ ልጄ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው። «አባባ፣ ሙዚቃ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው፤ የተበላሸው ቦታ ላይ ላይደርስ ይችላል» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ራም ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቢት ጥቂት የኤሌክትሪክ ክምችት ነው፤ ካለ 1፣ ከሌለ 0። አንድ ትራንዚስተርና አንድ ካፓሲተር ብቻ ያለውን ይህን አሠራር አይቢኤም ውስጥ የነበረው ሮበርት ዴናርድ ነው ያመነጨው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1968 ነው። ብልሃቱ ጥሩ፤ ግን ክምችቱ ያፈሳል። ስለዚህ ማሽኑ በ64 ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ እያንዳንዱን አንብቦ እንደገና ይሞላዋል፤ በሴኮንድ ከ15 ጊዜ በላይ መሆኑ ነው። በእኔ 8 ጊጋባይት ውስጥ ከ68 ቢሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ነጠብጣቦች አሉ። ከእነዚህ አንዷ ቶሎ ብታፈስ፣ ወይም ጎረቤቷ ሲነካ አብራ ብትነቃነቅ፣ የተጻፈባት 1 ሲነበብ 0 ይሆናል።

እዚያች ቦታ ላይ የተቀመጠው ምንድን ነው? ሁሉም ነገር የሚወሰነው በዚህ ነው። ፎቶ ከተቀመጠ ከዚያች ነጥብ በታች ያለው የሠርግ አጃቢ ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል። የሲስተሙ ትእዛዝ ከተቀመጠ ሰማያዊው ይመጣል። ቁጥር ከተቀመጠ ግን ምንም ነገር አይመጣም፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። በጽሑፍ የተቀመጠ «1» በአንድ ቢት መገልበጥ «9» ይሆናል። የ100 ብር መዋጮ 900 ሆኖ ያድራል ማለት ነው፤ ማንም አልሰረቀ፣ ማንም አልሰጠ። ፊደላችንም አልተረፈም። በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ በ«ለ» እና በ«ሉ» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ቢት ናት፤ «ከፈለ» ብዬ የጻፍኩት ሌሊቱን «ከፈሉ» ሆኖ ሊያድር ይችላል። እድርተኛውን በእኔ ስም ማክበሩ ነው! ለእኔ ግን አንድ ቀን እንኳ «እርስዎ» ብሎኝ አያውቅም።

ፎርማቱም ለምን ከንቱ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ከሲዲ የሚነበበው ሁሉ ወደ ሃርድ ዲስኩ የሚሻገረው በዚሁ ራም በኩል ነው። ራሙ የታመመ ከሆነ አዲሱ ዊንዶውስ ገና ሲገባ ቆስሎ ይገባል፤ ደህና የነበረው ፋይልም ተከፍቶ እንደገና ሲቀመጥ ተበላሽቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ራም ከተጠረጠረ የመጀመሪያው ሥራ ማሽኑ ላይ ምንም አለመጻፍ ነው። እኔ ግን ከፍዬ ነው ያስጻፍኩት፤ ለፎርማት ተጠየቅኩ፣ ለፎርማቱ ፎርማትም ተጠየቅኩ።

ልጅቷ ፍላሽ ላይ ሜምቴስት86 የሚባል ፕሮግራም ይዛ መጣች። በ1994 የተጀመረ፣ ከእሷ ዕድሜ የሚበልጥ ነው፤ ወዲያው ወደድኩት። ዊንዶውስን ሳያስነሳ ብቻውን ይነሳል፤ ሌላ ፕሮግራም ራሙን ከያዘበት ያንን ቦታ መመርመር አይችልምና። ከዚያ እያንዳንዱን ቦታ በተለያየ ቁጥር ይሞላል፣ ያነባል፣ ተቃራኒውን ይጽፋል፣ ከታች ወደ ላይ ያነባል፣ ከላይ ወደ ታች ይመለሳል። አንዱ ፈተና ጽፎ ደቂቃዎች ዝም ብሎ ቆይቶ ነው የሚያነበው፤ እንዳፈሰ ለማወቅ። ዊንዶውስም ውስጥ የራሱ የራም መመርመሪያ አለ፤ እሷ ግን ይህኛው የበለጠ ጥብቅ ነው አለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ይሂድ ብላ ትታው ተኛች። አንድ ዙር ንጹሕ ሆኖ ማለፉ ነፃ አያወጣውም፤ ሲሞቅ ብቻ የሚያጠፋ አለና። ስህተት ካሳየ ጥፋተኛ ነው፣ ካላሳየ ግን ገና ዋስ ላይ ነው ያለው።

እኔ አልተኛሁም። ሊነጋጋ ሲል መብራት ሄደ። ከእድሜዬ ላይ አንድ ሌሊት ተቀነሰ፣ ፈተናው ግን ከዜሮ ጀመረ። ዩፒኤስ ግዙ ብዬ ስንት ጊዜ ተናግሬ ነበር፤ የተገዛው ግን ስታቢላይዘር ነው። ማን ገዛው አትበሉኝ፣ ጎረቤቴ ነው ያስገዛኝ።

በሚቀጥለው ሌሊት ቀይ መስመር መጣ። ቀይ መስመር ሲወጣ ዕድሜ ልኬን ሳየው የኖርኩትን ነገር አየሁ፤ አድራሻ፣ መሆን የነበረበት፣ የተገኘው። ይህ እኮ የኦዲት ሪፖርት ነው! ያን ሁሉ ጊዜ ስንዳክር አንድ የሚረባ ኦዲተር ፍላሽ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሌላ ዙር ሲሄድ እዚያው አድራሻ ላይ እንደገና ቀላ። ቦታውን የማይለቅ ስህተት የአካል ጉዳት ነው፤ ድንገተኛ አይደለም።

ታዲያ እሷ ወዲያው ፍርድ አልሰጠችም፤ ከጥገና ቤቱ ልጅ የምትለየው በዚህ ነው። መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ገብታ የራሙ ፍጥነት ከመደበኛው ከፍ ተደርጎ እንደሆነ አየች፤ ደህናውም ራም ሲያስሮጡት ሊሳሳት ይችላልና። አልተደረገም። ከዚያ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለች፣ ሳጥኑን ከፈተች። ከሰውነት ላይ ያለው ስታቲክ ራሙን እንዳይመታው አስቀድማ የሳጥኑን ቆርቆሮ ነካች። አቧራው ጉድ ነው፤ መንደሩ በሙሉ እዚያ ተጠራቅሟል። ሁለቱን ራሞች አውጥታ ወርቅማ ጥርሳቸውን በላጲስ ቀስ አድርጋ ጠረገች፣ አንዱን ብቻ መልሳ ቋ እስኪል ተጫነችው። ንጹሕ። ያኛውን ለብቻው፤ ቀይ። ቀዩን ወደ ሌላው ስሎት አዛወረችው፤ ስህተቱ ተከትሎት ሄደ። ደህናውን በተጠረጠረው ስሎት አስገባችው፤ ንጹሕ። ስህተቱ ከስሎቱ ጋር ቢቀር ኖሮ ማዘርቦርዱ ነበር የሚያዘው። ማዘርቦርዱ ነፃ ወጣ፣ ፓወር ሰፕላዩም ነፃ ወጣ፣ የእኔም ጣት አብራ ነፃ ወጣች። ይቅርታ የጠየቃት ግን የለም።

አሁን ዋናው ብሶቴ ላይ ደረስኩ። ይህ ሁሉ መከራ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ያውም እኔ ሂሳብ ክፍል ከመግባቴ በፊት።

ቤል ላብስ ውስጥ ሪቻርድ ሃሚንግ የሚባል የሂሳብ ሰው ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ማሽኑ ላይ ሥራ ጭኖ ይሄዳል፤ ማሽኑ ስህተት ሲያገኝ ሥራውን ጥሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ሰኞ ሲመጣ ባዶ እጁን። ሰውየው ተናደደ። ስህተት መኖሩን ካወቀ ለምን ቦታውን አግኝቶ አያርመውም አለ፤ ተናዶም አልቀረ፣ መላውን በ1950 አሳተመው። እኛም ዘንድ ይኸው ነበር እኮ! መዝገቡን ወደ ታችም ወደ ጎንም እንደምራለን፤ አንድ ቁጥር ከተሳሳተ አንድ ረድፍና አንድ ዓምድ አይገጥሙም፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሌባው ተቀምጧል። ሃሚንግ የጨመራቸው ጠባቂ ቢቶችም ሥራቸው ይኸው ነው። በ1981 የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ እንኳ ለየ8 ቢቱ አንድ ጠባቂ ቢት ነበረው፤ ማረም ባይችልም ስህተት ሲያይ «ፓሪቲ ቼክ» ብሎ ቀጥ ይላል። የሚታፈርበት ጨዋ ማሽን ነበር። በ1990ዎቹ ዋጋ ለመቀነስ ተብሎ ጠባቂው ከቤት ማሽኖች ላይ ተሰናበተ።

ኢሲሲ የሚባለው ራም በተለምዶ ለየ64 ቢቱ 8 ጠባቂ ጨምሮ 72 ያደርገዋል፤ አንድ ቢት ሲገለበጥ ያርማል፣ ሁለት ሲገለበጥ ይጮኻል። በ8 ቺፕ ላይ አንድ ቺፕ ነው የሚጨመረው። ለሰርቨር ይሰጡታል፣ እንደ እኔ ላለው አይሰጡትም፤ ፕሮሰሰሩና ቦርዱም ካልደገፉት ብትገዛውም አይሠራልህም። የባንክ ገንዘብ ጠባቂ ይገባዋል፣ የእድር ገንዘብ ገንዘብ አይደለም! ስህተቱ ብርቅ ቢሆን ደግሞ እሺ። በ2009 የጉግል ሰዎችና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የጉግልን ሰርቨሮች አጥንተው፣ በዓመት ውስጥ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት ራሞች ቢያንስ አንድ ስህተት እንደሚያሳዩ አገኙ። አብዛኛውም ድንገተኛ ሳይሆን የአካል ጉዳት ይመስላል አሉ።

ሊኑስ ቶርቫልድስ፣ ሊኑክስን የሠራው ሰውዬ፣ በ2021 መጀመሪያ ላይ ኢሲሲ ለተራው ሰው አለመድረሱን እያነሳ ሲያማርር ነበር። በ2022 ጥቅምት የራሱ ማሽን ራም ተበላሸበት። መጀመሪያ የጠረጠረው ምንን መሰላችሁ? የሊኑክስን እምብርት፣ ከርነሉን፤ የገዛ ልጁን! ምትክ ራም እስኪመጣለት ድረስ በላፕቶፕ ሲሠራ ሰነበተ። ይህንን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ክፋት አይደለም፣ ራሙ ሲያጠፋ ሌላ የሚከሰስበት ሰው እኔ ብቻ አለመሆኔ ነው።

ድንገተኛው የቢት መገልበጥም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። በ2003 ግንቦት ቤልጅየም ውስጥ በብራስልስ ስካርቤክ በሚባል ወረዳ ምርጫ ሲቆጠር አንዲት ተወዳዳሪ 4,096 ትርፍ ድምፅ አገኘች። የተያዘው ልታገኝ ከምትችለው በላይ በመሆኑ ነው። 4,096 ማለት ልክ 2 አሥራ ሁለት ጊዜ ሲባዛ የሚመጣው ቁጥር ነው፤ አንዲት ቢት ከ0 ወደ 1 ስትገለበጥ ይኸው ይጨመራል። መርማሪዎቹ ፕሮግራሙን ቢበረብሩት ስህተት አላገኙም፤ ጥርጣሬው የቢት መገልበጥ ላይ ወደቀ። እንዲህ ላለው ነገር ከሕዋ የሚመጡ ቅንጣቶች ተጠያቂ እንደሚሆኑ ይታወቃል። ለባለቤቴ ይህንን ሳነብላት ሽሮዋን ማማሰል ትታ «ከላይ ነው አላልኩህም?» አለችኝ። እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም።

ቀዩ ራም ከወጣ ወዲህ በግማሽ ራም እየሠራሁ ነበር፤ ዝግ ይላል እንጂ አይወድቅም። ልጅቷ የእድሩን መዝገብ ከወረቀቱ ደረሰኝ ጋር አንድ በአንድ እንዳመሳክር አዘዘችኝ፤ ዱሮ የማዘው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ምትክ ፍለጋ ወጣን። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ከመሳቢያ ውስጥ አንድ እፍኝ ራም ዘገነና ጠረጴዛው ላይ በተነው። አዲስ ነው ወይ ስል «ቴስትድ ነው ፋዘር» ይለኛል። በምን ተፈተነ? «ማሽኑ ይነሳል።» ጋራንቲ አለው? «አለው፤ እዚሁ ይሞክሩት።» ጋራንቲው እስከ በሩ ነው ማለት ነው። ፍላሹን ከኮቴ ኪስ አወጣሁና ይኸው ሙሉ ዙር ይፈተንልኝ አልኩ፤ ወንበርም ሳብኩ። ስንት ሰዓት ይፈጃል አለኝ። እኔ ጡረተኛ ነኝ አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሻይ እየጠጣሁ ጠበቅኩ፤ ንጹሕ ወጣ። ስከፍል ልጁ በእጄ የያዝኩትን አሮጌ ራም አየና ዋጋውን ጠየቀኝ።

«ይህ እኮ የተበላሸ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ ፋዘር። አንዳንድ ማሽን ላይ ይሠራል።»

የእኔም ማሽን ላይ ከየት እንደመጣ በዚያች ቅጽበት ተገለጠልኝ። አልሸጥኩለትም። ቤት ስደርስ በመዶሻ ልመታው ስል የልጅ ልጄ ለትምህርት ማሳያ ይሆነኛል ብላ ወሰደችው፤ ቀይ እስክሪብቶ ሰጥቻት ፊትና ጀርባውን አስምራበታለች። የሱቁ ልጅ ስልኬን ከደረሰኙ ላይ ወስዶ ነው መሰለኝ፣ ሁለት መቶ ብር ልጨምርልዎት እያለ ይደውላል።